ንጹሑ ለባሕር ማዶ፣ ያልተመረመረው ለቤት፦ የፀረ ተባይ ቅሪት ታሪክ ከአሜሪካ ፖም እስከ ኢትዮጵያ ቡና

በአገራችን የፖለቲካ ወግ ሲጀመር የሚነሡት ሥልጣንና ምርጫ፣ ድንበርና ሕገ መንግሥት ናቸው። ቲማቲም አይነሣም። ቃሪያና ጥቅል ጎመንም እንዲሁ። ይሁን እንጂ አንድ መንግሥት ዜጋውን ከቁም ነገር ይቆጥረው እንደሆነ ማወቅ የሚሻ ሰው፣ ለገበታ በሚቀርበው አትክልት ላይ የቀረውን መርዝ ማን ይለካዋል፣ የሚለካስ ለማን ሲባል ነው ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ነገር ይገለጥለታል።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ታሪኮችን ጎን ለጎን አስቀምጬ ለማየት እሞክራለሁ። አንደኛው በ1925 በለንደን ከተማ በአሜሪካ ፖም ላይ የተነሣው ውዝግብ ነው። ሁለተኛው በ2008 በጃፓን ወደብ በኢትዮጵያ ቡና ላይ የደረሰው ነው። (ዓ.ም. ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሁለቱ መካከል ከሰማንያ ዓመት በላይ ቢኖርም፣ በሁለቱም ላኪው አገር የምርቱን ንጽሕና እንዲመረምር ያስገደደው የገዛ ሕዝቡ ጩኸት ሳይሆን የባዕድ ገዢ ቁጣ ነበር። አሜሪካኖቹ ከዚያ በኋላ የሄዱበትን መንገድ መመልከት ለእኛ የሚጠቅመውም ስለዚህ ነው።

አረንጓዴው ቀለምና ነጩ ዱቄት

ብዙ ሰው በእህልና በአትክልት ላይ መርዝ መርጨት የተጀመረው በዲዲቲ ይመስለዋል። አይደለም። በ1860ዎቹ መጨረሻ የኮሎራዶ ጥንዚዛ የተባለው ተባይ የአሜሪካን የድንች ማሳ እየፈጀ ወደ ምሥራቅ በተመመ ጊዜ፣ ገበሬዎች ያነሡት መሣሪያ ፓሪስ ግሪን ይባል የነበረ የቀለም ዱቄት ነበር። ይህ አረንጓዴ ቀለም የመዳብና የአርሴኒክ ውሑድ ነው። ጥንዚዛዋን ገደለ፤ ገበሬውም ተደሰተ። በ1892 ደግሞ በማሳቹሴትስ የደን ትልን ለማጥፋት የእርሳስና የአርሴኒክ ውሑድ የሆነው ሊድ አርሴኔት ተሠራ። ይህኛው ቅጠል ስለማያቃጥልና ፍሬው ላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ በፖም አምራቾች ዘንድ እጅግ ተወደደ። ለአምራቹ በጎ ያደረገው ይኸው መጣበቁ ለበላተኛው መዘዝ ሆነ፤ ዝናብ ያላጠበውን መርዝ የቤት እመቤት ጨርቅም አይጠርገውምና።

ምልክቶቹ ቀደም ብለው ታይተዋል። በ1891 የኒው ዮርክ ከተማ የጤና ባለሥልጣናት በመዳብ ርጭት የቆሸሸ ወይን ከገበያ ላይ ወረሱ። የግብርና ባለሥልጣናት መልስ ሰው በአንድ ጊዜ ሊበላው የማይችለውን ያህል ወይን ካልበላ በቀር አይጎዳም የሚል ነበር። ይህን መከራከሪያ አንባቢ እንዲያስታውሰው እለምናለሁ፤ በየዘመኑ ልብሱን እየለወጠ የሚመለስ መከራከሪያ ነውና። በ1919 ደግሞ የቦስተን ከተማ የጤና መሥሪያ ቤት አርሴኒክ ያለበት የፒር ፍሬ ያዘ። የፌዴራሉ መንግሥት ጉዳዩን ያውቅ ነበር። ነገር ግን ገበያው እንዳይደናገጥ አምራቾችን በሹክሹክታ ከማሳሰብ ያለፈ ነገር ለሕዝብ አልተናገረም።

በእንግሊዝ ነገሩ በሌላ በር ገባ። በ1900 በማንችስተርና በአካባቢው ቢራ የጠጡ ሰዎች በገፍ ታመሙ። ወደ 6,000 የሚጠጉ ሰዎች ተጎዱ፤ 70 ያህሉም ሞቱ። ምክንያቱ ሲጣራ ለቢራው የተጨመረው ስኳር የተሠራበት አሲድ አርሴኒክ ያዘለ ሆኖ ተገኘ። በታላቁ የፊዚክስ ሊቅ በሎርድ ኬልቪን የተመራው የንጉሣዊ ኮሚሽን በ1903 ባቀረበው ሪፖርት፣ በምግብ ውስጥ ያለ አርሴኒክ በአንድ ፓውንድ ከመቶኛ ግሬን መብለጥ የለበትም አለ። በዛሬው መለኪያ በኪሎ 1.4 ሚሊግራም ገደማ ማለት ነው። እንግዲህ በፖም ላይ ከመዋሉ ከሃያ ዓመት በፊት ይህ ልክ የተቆረጠው በቢራ ሰበብ ነበር።

ፖሙ ባሕር ሲሻገር

በ1925 መጨረሻ በለንደን የአሜሪካ ፖም የበሉ ሰዎች ታመሙ። ፖሙ ሲመረመር ከተቆረጠው ልክ በላይ አርሴኒክ ተገኘበት። ጋዜጦች ጮኹ፤ የእንግሊዝ መንግሥትም ይህ ካልታረመ የአሜሪካን ፖም ከወደብ እመልሳለሁ አለ። ከአሜሪካ አምራቾች ብዙዎቹ ይህን የንግድ ተንኮል አድርገው ቆጠሩት። ይሁን እንጂ ገዢ ገዢ ነውና ፖም የሚታጠብባቸው መሣሪያዎች ተሠሩ፤ ፍሬው በቀጭን የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውሃ እየታጠበ መላክ ጀመረ።

የታሪኩ ዋና ነጥብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1927 የአሜሪካ መንግሥት ለፖም የአርሴኒክ ገደብ ሲያወጣ፣ ወደ ውጭ የሚላከው የእንግሊዙን ልክ እንዲያሟላ ሲደረግ፣ በአገር ውስጥ የሚሸጠው ግን የዚያን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል መርዝ እንዲይዝ ተፈቀደለት። የውስጡ ገደብ ቀስ በቀስ ወደ ውጪው ልክ የወረደው ከዓመታት በኋላ ነው። በዚያ መካከል አንድ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ፖም ለሊቨርፑል ልጅ ሲሆን ንጹሕ፣ ለቺካጎ ልጅ ሲሆን ቆሻሻ መሆን ይችል ነበር። በሁለቱ ሕፃናት ሆድ መካከል የሳይንስ ልዩነት አልነበረም። የነበረው ልዩነት የእንግሊዙን ልጅ የሚከላከል የወደብ ተቆጣጣሪ መኖሩና የአሜሪካው ልጅ አባት ጉዳዩን አለማወቁ ነበር።

አባትየው ያወቀው በ1930ዎቹ ነው። በ1933 አርተር ካሌትና ፍሬድሪክ ሽሊንክ ያሳተሙት፣ መቶ ሚሊዮኑን የአሜሪካ ሕዝብ ከላቦራቶሪ መሞከሪያ እንስሳት ጋር ያመሳሰለ መጽሐፍ እጅግ ተሸጠ፤ በፖም ላይ ስላለው እርሳስና አርሴኒክም በይፋ ተናገረ። ተቃውሞውም አልዘገየም። በ1937 ራሱ የፖም እርሻ የነበረው የሚዙሪው የምክር ቤት አባል ክላረንስ ካነን ባስገባው ማሻሻያ፣ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤቱ በዚህ መርዝ ላይ ምርምር የሚያካሂድበት ገንዘብ ተከለከለ። ጥናቱ ለሌላ መሥሪያ ቤት ተሰጠ፤ ያም መሥሪያ ቤት በፖም አምራች አውራጃ ነዋሪዎች ላይ ባደረገው ምርመራ ያን ያህል ጉዳት አላገኘሁም አለ። በ1940 ገደቡ ተመልሶ ላላ። ይህ ክፍል የሚያስተምረን የገደብ ቁጥር ከላቦራቶሪ ብቻ እንደማይወለድ ነው። አንድን ነገር እንዲያጠና ማን ተፈቀደለት፣ በማን ገንዘብስ ያጠናል የሚለው ጥያቄ በቁጥሩ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል።

የዚያ ዘመን እርሳስና አርሴኒክ ዛሬም በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የድሮ የፖም እርሻዎች አፈር ውስጥ አለ። ዛፎቹ ተቆርጠው ቤትና ትምህርት ቤት ከተሠራባቸው በኋላም መንግሥት አፈሩን ለማጽዳት ገንዘብ ያወጣል።

ዲዲቲና የዝምታው ዘመን

ሊድ አርሴኔትን ከዙፋኑ ያወረደው ሕግ አልነበረም፤ ዲዲቲ ነው። በ1874 በላቦራቶሪ የተሠራው ይህ ኬሚካል ነፍሳትን የመግደል ኃይሉ የታወቀው በ1939 በስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት በፓውል ሙለር ነው። ሙለር በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ አላግባብም አልነበረም። ዲዲቲ በጦርነቱ ጊዜ ኔፕልስን ከታይፈስ ወረርሽኝ ለማዳን ረድቷል፤ በብዙ አገሮችም ወባን አባሯል። ሰውን ወዲያው አይገድልም፤ ሽታውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከእርሳስና ከአርሴኒክ ለመጣ ሰው በረከት ይመስል ነበር።

ችግሩ ዲዲቲ በቀላሉ የማይፈርስ መሆኑ ነው። በውሃ አይሟሟም፤ በስብ ግን ይሟሟል። ስለዚህ ከሣሩ ወደ ላሚቱ፣ ከላሚቱ ወደ ወተቷ፣ ከወተቱ ወደ ሰው ገላ ይገባል፤ በዚያም ይከማቻል። ሬቸል ካርሰን በ1962 ባሳተመችው «ጸጥተኛው ጸደይ» በተሰኘው መጽሐፏ ይህን ሰንሰለት ለተራው አንባቢ በሚገባ ቋንቋ ገለጸችው። ከኢንዱስትሪው በኩል የደረሰባት ዘለፋ ብዙ ነበር። አሜሪካ ዲዲቲን ለእርሻ እንዳይውል በ1972 ከለከለች። በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ደግሞ ለወባ መከላከያ ብቻ በር ትቶ ለዓለም ዘጋው። ኢትዮጵያም በ2003 ይህን ስምምነት አጽድቃለች።

ገደብ ማለት ምን ማለት ነው?

ከዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። አንደኛው ሰው ዕድሜ ልኩን በየቀኑ ቢወስደው አይጎዳውም ተብሎ የሚገመተው መጠን ነው። ይህን ሐሳብ ያስፋፋው ፈረንሳዊው ሬኔ ትሩኦ ሲሆን፣ ስሌቱ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ በእንስሳት ላይ ጉዳት ያላሳየው መጠን ይወሰዳል፤ ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ ለመቶ ይካፈላል። ሁለተኛው በምግቡ ላይ እንዲገኝ የሚፈቀደው ከፍተኛ ቅሪት ነው። ይህኛው የሚለካው በቅድሚያ ገበሬው በመመሪያው መሠረት ረጭቶ፣ የተወሰኑትን ቀናት ጠብቆ ሲለቅም በሰብሉ ላይ ምን ያህል ይቀራል በሚል ነው። እንግዲህ ከሁለተኛው ገደብ የበለጠ ቲማቲም ሁሉ ወዲያው ይገድላል ማለት አይደለም፤ አንድ ሰው ደንብ እንደጣሰ ግን ይመሰክራል። ከገደቡ ያነሰም ቅሪት የለበትም ማለት አይደለም።

ደንብ ሲጣስ ምን እንደሚመጣ በ1985 ካሊፎርኒያ አይታለች። ለሐብሐብ ያልተፈቀደ አልዲካርብ የተባለ ፀረ ተባይ በሐብሐብ ውስጥ ተገኝቶ ከ1,000 በላይ ሰዎች ታመዋል። በ1993 ደግሞ የአሜሪካ የሳይንስ ምሁራን ኮሚቴ ሕፃናት ትንንሽ አዋቂዎች አይደሉም ሲል አስጠነቀቀ። በኪሎ ክብደታቸው ሲሰላ ከአዋቂ የበለጠ ፍራፍሬ ይበላሉ፤ አንጎላቸውም ገና በመገንባት ላይ ነው። በ1996 የወጣው ሕግ ለሕፃናት ሲባል ተጨማሪ አሥር እጥፍ ጥንቃቄ እንዲደረግ አዘዘ። ከ1925 እስከ 1996 ድረስ ሰባ አንድ ዓመት አለ፤ ከባዕዱ ገዢ ወደ ገዛ ልጅ ለመድረስ የፈጀው ጊዜ ነው።

ዛሬ በአውሮፓ ኅብረት በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎች ተመርምረው ውጤቱ ለሕዝብ ይታተማል። ከመቶው 96 ያህሉ ከገደብ በታች ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ አትክልት መብላት ይቅር የሚል ክርክር ከዚህ ታሪክ አይወጣም። አትክልትና ፍራፍሬ አለመብላት ራሱ የታወቀ የጤና ጠንቅ ነው። የአውሮፓው ሰው ሰላጣውን ተረጋግቶ የሚበላው ግን አምራቹን ከእኛ ገበሬ አብልጦ ስላመነ አይደለም፤ ቆጥሮ የሚነግረው ስላለ ነው።

የቡናው ዓመት

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ጃፓን በግንቦት 2006 አዲስ የቅሪት ሥርዓት ሥራ ላይ አዋለች። በዚህ ሥርዓት የተለየ ገደብ ያልወጣለት ኬሚካል ሁሉ በኪሎ ከ0.01 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ተወሰነ። በ2000 ዓ.ም. ግንቦት ወር ገደማ፣ ማለትም በ2008፣ የጃፓን ተቆጣጣሪዎች ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ ሊንዴን፣ ሄፕታክሎርና ክሎርዴን የተባሉ ኬሚካሎች አገኙ። ጃፓን ከቡናችን ዋና ዋና ገዢዎች አንዷ ነበረች። ግዢው በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ፤ ላኪው ተጨነቀ፤ መንግሥትም ተሯሯጠ።

የሚገርመው ነገር የቡና ገበሬያችን በአብዛኛው ፀረ ተባይ የማይገዛ መሆኑ ነው። በጥላ ዛፍ ሥር የሚበቅለው ቡና እንዲህ ያለውን ኬሚካል ከየት አመጣው? ምርመራው ውሎ አድሮ ጣቱን የቀሰረው ቡናው በተጫነበት ጆንያ ላይ ነበር። የሆነው ሆኖ ለዚህ የቡና ቅሪት ሲባል ስብሰባ ተጠራ፣ ባለሙያ ተላከ፣ ናሙና ተመላለሰ፣ ጆንያ ተለወጠ። ይህ መደረጉ ተገቢ ነው፤ የሚሊዮኖች ገበሬዎች እንጀራ ነውና።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ያን ዓመት በአዲስ አበባ አትክልት ተራ ይራገፍ የነበረውን ቲማቲም፣ በጾም ወራት ጥሬውን የሚበላውን ቃሪያና ሰላጣ ማን መረመረው? እምብዛም መድኃኒት የማይነካው ቡና በባሕር ማዶ ሲፈተሽ፣ በሳምንት ሳይቀር የሚረጨው ቲማቲም ያለ አንድ ጠያቂ ወደ ወጥ ቤታችን ይገባ ነበር። ለአውሮፓ የሚላከው ፎሶልያ በገዢው መስፈርት ሲለካ፣ የሰፈራችን ጉልት ቲማቲም የሚለካው በቅላቱ ብቻ ነው። አሜሪካ በ1927 የነበረችው እዚሁ ነበር።

በስምጥ ሸለቆ ማሳ

ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። የፀረ ተባይ ምዝገባን የሚደነግግ ልዩ ድንጋጌ በ1990 ወጥቷል፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 674 ተክቶታል። አዳሚ ቱሉ ላይ ያለው ፋብሪካ ማላታይንና ዲዲቲ ሲያዘጋጅ ኖሯል። በ2000ዎቹ አገራችን ለወባ መከላከያ ዲዲቲ ከሚጠቀሙ ዋና ዋና የአፍሪካ አገሮች አንዷ ነበረች። ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይም ሲከማች ኖሮ 3,000 ቶን ያህል ደረሰ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከ1,000 ቶን በላይ ወደ ፊንላንድ ተጭኖ እስኪቃጠል ድረስ በየመጋዘኑ በርሜሉ ያፈስ ነበር።

ለትንኝ የመጣው ዲዲቲ በትንኝ ላይ ብቻ አልቀረም። ወደ ጫት ማሳ መግባቱ በሰፊው ሲነገር ኖሮ፣ በኋላ ከተለያዩ አካባቢዎች በተሰበሰበ ጫትና ስንዴ ላይ የተደረገ የላቦራቶሪ ምርመራ ውጤት በ2011 ታትሟል። በ2013 የታተመው ጥናት ግን ከሁሉ የከፋውን ነገረን፦ በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ በላም ወተትና በእናት ጡት ወተት ውስጥ ዲዲቲ ተገኘ፤ ሕፃናቱ በቀን የሚወስዱት ግምትም ከተፈቀደው ዕለታዊ መጠን በላይ ነበር። ይህ ወሬ በቡናው ላይ ቢሆን ኖሮ ስንት ስብሰባ ያስጠራ እንደነበር አንባቢ ይፍረድ። የጅማ እናት ወተቷን ወደ ውጭ አትልክምና ጉዳዩ በአንድ የሳይንስ መጽሔት ገጽ ላይ ቀረ።

በመቂና በዝዋይ ዙሪያ ባሉ አትክልት አምራቾች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ተመሳሳይ ሥዕል ይሰጣሉ። ገበሬው መርጫውን በጀርባው አዝሎ ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል ይረጫል፤ ሁለት ሦስቱን መድኃኒት በአንድ ላይ ይቀይጣል፤ ባዶውን ዕቃ ለቤት አገልግሎት ያውላል። በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ይቸገራል፤ የሚያማክረው የሸጠለት ነጋዴ ነው። በርጭትና በለቀማ መካከል መጠበቅ ያለበትን ቀን ቢያውቅ እንኳ፣ መኪና ይዞ የመጣው ደላላ ዛሬ ካልጫንኩ እሄዳለሁ ካለው አይጠብቅም። በሦስት ቀን ዋጋ ሊወድቅበት የሚችል ቲማቲም ለያዘ ሰው ሕግ ሩቅ ነው፤ ደላላው ግን ቅርብ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን በገበሬው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ከሁላችንም አስቀድሞ የሚመረዘው እርሱ ነው።

ምን ይደረግ?

በግል ደረጃ የሚደረገው ጥቂት ነው። በሚፈስ ውሃ አሽቶ ማጠብ በላይ ላይ ያለውን ቅሪት ይቀንሳል፤ መላጥም እንዲሁ። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ፀረ ተባይ በሥርና በቅጠል ገብቶ በፍሬው ውስጥ ስለሚዘዋወር እጥበት አይደርስበትም። ከጀርም ለመጠበቅ የምንጨምረው ኮምጣጤም ይህን ሁሉ ያወጣል ማለት አይደለም። የምግብ ደኅንነት በእያንዳንዱ ወጥ ቤት የሚፈታ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ መንግሥት የሚባል ነገር ባላስፈለገ ነበር።

የሚያስፈልገን አዲስ አዋጅ አይደለም፤ ቆጠራ ነው። አሜሪካ ከ1991 ጀምሮ ከገበያ ላይ አትክልትና ፍራፍሬ እየገዛች፣ የቤት ሰው እንደሚያደርገው አጥባና ልጣ ትመረምራለች፤ ውጤቱንም በየዓመቱ ታትማለች። እኛም በትንሹ መጀመር እንችላለን፦ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣና ጫት፤ በአምስት ከተሞች፤ በዓመት ሁለት ጊዜ። ሥራውን የሚሠሩ ኬሚስቶች በዩኒቨርሲቲዎቻችን አሉ፤ በየጊዜው በሚገኝ የውጭ ገንዘብ አንድ ጥናት ሠርተው መሣሪያቸውን ይሸፍናሉ እንጂ። ውጤቱ ስም ሳይጠፋ፣ ገበሬ ሳይታሰር፣ ሬዲዮ በሚሰማ ሰው ቋንቋ ይነገር። በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የሚጻፈውም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ ሁሉ ይሁን።

ይህ ገበያውን ያስደነግጣል የሚል ይኖራል። በ1919 የአሜሪካ ባለሥልጣናት ዝም ያሉት በዚሁ ምክንያት ነበር። ዝምታቸው ግን ፖሙን አላዳነውም፤ በ1925 በባዕድ አገር ጋዜጣ ላይ አዋረደው እንጂ። የእኛም ቡና የተያዘው እኛ ሳንለካው ሌላ ስለለካው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገሬ ሰው። በቤት የሚለካ አገር በወደብ አይዋረድም።

አበው ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ። ዛሬ የምንጠይቀው ግን ሹመት አይደለም። ለቶኪዮ ጠጪ የተደረገው ምርመራ ለመርካቶ በላተኛና ለጅማ ሕፃን ይደረግ ነው።

ቸር ይግጠመን።